ነጩን ሳጥን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ

ሰው ሁሉ ገር ናት ይለኛል። ልጆቼም፣ ጎረቤቶቼም፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው መንገደኛም ሳይቀር «አዴ ብርቄ ክፉ አያውቁም» ይላል። እኔም እንደዚያ ነኝ ብዬ አምኜ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡራዩ ላይ የሆነውን ስነግራችሁ ግን እናንተው ፍረዱ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጆቼን ለማስመዝገብ ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት እነሱ ሲያጠኑ አጠገባቸው ጥጥ እየፈተልኩ፣ በጎን እያየሁ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ወሬ ወሬ ቢላችሁ አትፍረዱብኝ። የተወለድኩት ተጂ፣ የተዳርኩት ፉሪ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት እምቢ አለኝ። ሰበታ ሴት ልጄ አለች፣ ሱሉልታ ትልቁ ልጄ አለ፣ ቡራዩ ደግሞ የመጨረሻው ልጄ ግርማ። አንዱ ጋ ወር፣ አንዱ ጋ ሁለት ወር እያልኩ እዞራለሁ። ንብረቴ አንድ ዘንቢል ናት። ውስጧ ቅያሪ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ማበጠሪያና ትንሿ ራዲዮኔ አሉ። ራዲዮዋን ባለቤቴ ነው የገዛልኝ። እሷ ስታወራ ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል።

የዚያን ዓመት የግርማ ሚስት ትዕግስት ሴት ልጅ ወለደች። እኔ ሰበታ ነበርኩ። ስልኩን እንደሰማሁ የገብስ ዱቄትና የተነጠረ ቅቤ ይዤ ተነሳሁ። መንገድ ሙሉ ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ነው፦ አራሷን እኔ ላርሳት፣ ሕፃኗን እኔ ላጥባት፣ አፏን ስትፈታ «አኮ» ብላ እኔን ትጥራኝ። እኛ ቤት አያት የምትጠራው እንደዚያ ነው።

በሩን ስገፋ ሶፋው ላይ ሕፃኗን አቅፋ የተቀመጠችው ወይዘሮ አሰገደች ናት። የትዕግስት እናት። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ቀጥ ያለች፣ ነጠላዋ ላይ ነጥብ ቆሻሻ የማይገኝባት ሴት።

«እንኳን ደህና መጡ አዴ ብርቄ! ደከመዎት አይደል? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አለችኝ፣ ቤቱ የእሷ ይመስል።

«እትዬ አሰገደች፣ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ። እስቲ ልያት» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«አሁን ገና ነው ያሸለበችው፣ ትነቃብናለች» አለችና ጎምበስ ብላ ፊቷን ብቻ አሳየችኝ።

እጄ ባዶውን ተመለሰ። ነገሩ ከዚያ ጀመረ ብላችሁ ያዙልኝ።

ቤቱ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ግርማ በዚያ ቤት ይኮራ ነበር። «እማዬ፣ ይሄ ቤት እሳት አያውቅም» ይለኛል። ምድጃው ኤሌክትሪክ፣ ምጣዱ ኤሌክትሪክ፣ የገላ ውሃ ማሞቂያው ኤሌክትሪክ። የጋዝ ሲሊንደር የለ፣ ከሰል የለ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ጭስ ስነፋ የኖርኩ ሰው፣ እዚያ ቤት ውስጥ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ቁልፉን ስነካ አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ይበራል። አሰገደች ግን እንደ ፒያኖ ነበር የምትጫወትበት።

መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ከመኝታ ቤቱ በር በላይ መዳፍ የምታክል ነጭ ሳጥን ተሰቅላለች። አረንጓዴ መብራት ጭልጭል ትላለች። የአሰገደች ሌላዋ ልጅ ናት ከውጭ አገር የላከችው። የታፈነ የከሰልና የሞተር ጭስ ሲኖር ይጮሃል አሉ። ሽታ የሌለው፣ ዓይን የማያየው መርዝ አለ፣ እሱን ያሸታል። መርዙን ልጆቹ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሉታል፤ እኔ ለመጥራት ስለሚከብደኝ ዕቃውን ነጩ ሳጥን ብቻ እለው ነበር።

በመጣሁ በሁለተኛው ቀን ግርማ ምሳ ላይ ሳቀበት። «እትዬ፣ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ነው። ጋዝ የለ፣ ከሰል የለ። ይሄ ነገር ምን አግኝቶ ሊጮህ ነው?»

«ልጄ እዚያ አገር ያለ እሱ ቤት አይከራዩም ብላኛለች» አለች አሰገደች።

«እዚያማ ቤታቸው ውስጥ የሚነድ ነገር ስላለ ነዋ!»

«ይቀመጥ ግርማዬ። ምሳ አይጠይቅህ።»

ትዕግስት ሳቀች። እኔም ለመሳቅ ብዬ «ለእኔ ይሆናላ የተሰቀለው፤ ከሰል ከሰል እሸታለሁ» አልኩ። አንድም ሰው «ኧረ እማማ፣ ምን ይላሉ» አላለኝም። ትዕግስት የራሷን እናት እማዬ፣ እኔን እማማ ነው የምትለን። ያው የወለደቻት እሷ ናት፣ ምን ይደረጋል? ግን በቀን ሃያ ጊዜ «እማዬ! እማዬ!» ሲባል እየሰማችሁ እስቲ ተቀመጡ።

ሕፃኗን የያዝኩት በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው። «ልቀበልዎት እትዬ፣ ደከመዎት» ስል «አይ፣ አልደከመኝም» ትላለች። «ላጥባት» ስል «አጥቤያታለሁ» ትላለች። ስም ለማውጣትም አሰገደች አስባ ጨርሳ ነበር። እኔ ደግሞ የእናቴን ስም በሆዴ ይዤ ቀረሁ።

እንዲህ እያለን የማስተር ፕላኑ ነገር ተነሳ። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተብሎ ወጣቱ መንገድ ወጣ። ፉሪ የባለቤቴ ወንድም ማሳ ላይ ችካል ተተክሎ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ልጆቹን ምን እንዳስቆጣቸው አይጠፋኝም። ሱቅ ይዘጋ፣ መኪና አይንቀሳቀስ ተባለ። የከፈተ ሱቅ ድንጋይ ይወርድበታል። ግርማ ለሥራ አዲስ አበባ እንደገባ መንገዱ ተዘጋና እዚያው ቀረ። ቤቱ ውስጥ እኔ፣ አሰገደች፣ ትዕግስትና የአሥራ ሰባት ቀኗ ሕፃን ቀረን። ፊት ለፊታችን ያሉት ተከራዮች ወደ ዘመዶቻቸው ሄደው በራቸው ተቆልፏል።

በዚያው ቀን መብራት ጠፋ። እሳት የማያውቀው ቤት ቀዝቃዛ ሆኖ ቁጭ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ።

«ትዕግስቴ፣ በረንዳ ላይ ትንሽ ከሰል ላቀጣጥልና አጥሚት ላፍላልሽ?» አልኳት።

«አይሆንም እማማ! እዚህ ቤት ከሰል አይገባም። ሕፃን አለ» አለች።

አሰገደች ሕፃኗን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገቻት፣ እኔ እሳት የያዝኩ ይመስል።

የራዲዮኔም ባትሪ ድንጋይ ያን ዕለት ከሰዓት አለቀ። ሱቅ ዝግ ነው። የሰበታው መንገድ እንዴት ሆነ፣ የሱሉልታው እንዴት ሆነ ብዬ ልሰማ አልቻልኩም። መተላለፊያው ላይ ቆሜ ስንቆራጠጥ ከመኝታ ቤት ሳቅ ይሰማኛል። አሰገደችና ትዕግስት ሕፃኗን ልብስ እየለወጡ ይስቃሉ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ብርድ እንዳይገባ ብለው መሰለኝ፣ እኔ እያየሁ ዘጉት።

ቀና ስል ነጩ ሳጥን ጭልጭል ይላል። ግርማ ጥቅም የለውም ያለው ሳጥን። የአሰገደች ሳጥን።

ወንበር ሳብኩ። ወጣሁ። ክዳኗን ስከፍት ሁለት ቀጫጭን ድንጋዮች አሉ፣ ልክ የራዲዮኔ ዓይነት። አወጣኋቸውና ክዳኗን መለስኩ። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ራዲዮዬ ውስጥ ሳስገባቸው ወዲያው ማውራት ጀመረች። አልደብቃችሁም፣ ከድንጋዮቹ ይልቅ የሞቀኝ ያቺ መብራት መጥፋቷ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አሰገደች ቀና ብላ አየችና «ይሄም እንደኛ መብራት አጥቶ ተኛ» አለች። በግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሠራ መስሏታል። እኔ ቁርሴን አኘክሁ።

ያን ጠዋት ከበታች መንገዱ ላይ ግርግር ሆነ። ጎማ ተቃጠለ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ወደ እኛም ገባና ሁላችንም አነባን። መስኮቱን ዘጋን፣ በመስኮቱና በዋናው በር ስር እርጥብ ጨርቅ ጠቀጠቅን። ያን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በደንብ አድርጌ። አንዲት ቀዳዳ አልተውኩም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውጭው ጸጥ አለ፣ እኛ ግን አራስ አለችና ብርድ ይመታታል ብለን ጨርቁን አላነሳንም።

ስድስት ሰዓት ገደማ በር ተንኳኳ። ምድር ቤት ያለው ወተት ነጋዴ ኦቦ ድሪባ ነው። ከሱሉልታና ከሆለታ ከገበሬ ወተት ተቀብሎ ለከተማ የሚያስረክብ ደግ ሰው ነው። ጨርቁን ገፋ አድርገን ከፈትንለት።

«አካም ጅርቱ አዴ ብርቄ» አለኝ በሹክሹክታ። «ለአራሷ ትኩስ ወተት» ብሎ ፔርሙዙን ለአሰገደች ሰጣት። ሰላምታው ለእኔ፣ ወተቱ ለእሷ!

«ኦቦ ድሪባ፣ ምነው በሹክሹክታ?» አልኩት።

«ሱቁ ዝግ ነዋ። የለሁም እኮ» ብሎ ጥቅሻ አድርጎ ወረደ።

መብራት በሌለበት ሰፈር ትኩስ ወተት ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። አሰገደችም አልጠየቀችም። ከታች እንደ ሩቅ ወፍጮ ያለ ድምፅ እም… እም… ይላል። ወፍጮ ቤትም እንደተዘጋ ትዝ አላለኝም።

ከምሳ በኋላ ትዕግስት «ራሴን» አለች። አራስ ናት፣ እንቅልፍ የላት፣ ማን ይደነግጣል? ምች ነው ተባለ። ትንሽ ቆይቶ አሰገደችም ግንባሯን ያዘች።

«እኔም ራሴን ወጋኝ ልጄ።»

«ስጡኝ እንግዲያ፣ ጋደም ይበሉ» ብዬ ለሕፃኗ እጄን ዘረጋሁ።

«ግድ የለም፣ ይዣታለሁ።»

ያን ጊዜ ራዲዮኔን ብድግ አድርጌ በረንዳ ወጣሁ፤ ብርድ እንዳይገባባቸው የመስታወቱን በር ከኋላዬ በደንብ ዘጋሁ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ የራዲዮዋን ድምፅ ከፍ አደረግሁ። እንድትሰማኝ ነው። አኩርፌያለሁ ማለት ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ትንሽ ቆይቼ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየሁ። አሰገደች ሶፋው ላይ ደገፍ ብላለች፣ ሕፃኗ ደረቷ ላይ። ሁለቱም ተኝተዋል። እንዲህ ያለ እንቅልፍ አይቼ አላውቅም፣ የሕፃኗ እጅ እንኳ አይነቃነቅም። ከእኔ ጋር ስትሆን እንደ ትል ነበር የምትገላበጠው። «አየሽ ብርቄ» አልኩ ለራሴ፣ «በአንቺ ደረት እንዲህ ተኝታ አታውቅም።» ፊቴን አዙሬ ተቀመጥኩ።

ራዲዮዋ ላይ ስለ ንብ ማነብ የሚያወራ ዝግጅት ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ይሄንን አስታውሱልኝ፤ በኋላ የሚመጣ ነገር አለ።

ዝግጅቱ ሲያልቅ እንደገና ዞር አልኩ። የአሰገደች አንድ እጅ ከሶፋው ተንጠልጥሏል። የወተቱ ኩባያ ጭኗ ላይ ተገልብጦ ነጠላዋን አርሶ፣ ከዚያ የሕፃኗን እግር አርሶ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። አሰገደች! ነጠላዋ ላይ ዝንብ ሲያርፍ የምትነሳው ሴት ናት። አትነቃነቅም።

በሩን ከፍቼ ስገባ ምንም አልሸተተኝም። ሁለት እርምጃ ሄጄ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ መዶሻ ተመታ። «እትዬ! እትዬ አሰገደች!» ጉንጯን መታሁት፤ ዓይኗን ግማሽ ከፍታ መልሳ ዘጋች። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ትዕግስት በአራት እግሯ ሆና ታስመልሳለች።

«እማማ… እግሬ…» ብቻ ነው ያለችው።

ይህንን ነገር አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ተጂ ውስጥ ሁለት እህትማማቾች ከሰል ይዘው ዘግተው ተኝተው አንዷን ብቻ ነው ያተረፍናት። አሰገደችን ሳይ ያልተረፈችውን ፊት አየሁ። ግን እዚህ ቤት ከሰል የለም! እሳት የማያውቅ ቤት ነው! አንድ ሁለት ትንፋሽ ያህል እንደ ግንድ ቆምኩ። ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? «ከሰል አፍኗቸዋል ብዬ ብጮህ አንቺ ነሽ ያቀጣጠልሽው ይሉኛል» አልኩ። ልጅ እየሞተች እኔ ስለ ስሜ አሰብኩ።

ከዚያ ሕፃኗ አፏን እንደ ዓሣ ከፈት ዘጋ ስታደርግ አየሁ።

ነጥቄ በረንዳ ሮጥኩ። በነጠላዬ ጠቅልዬ መሬት ላይ አስተኝቻት ተመለስኩ። የጠቀጠቅኩትን ጨርቅ በጥፍሬ እየነቀልኩ መስኮቱን በረገድኩ። አሰገደችን በብብቷ ይዤ ጎተትኳት። ትከብዳለች፤ «ተነሺ እንጂ! ተነሺልኝ አንቺ ሴት!» እያልኩ አለቀስኩ። ትዕግስት እየዳኸች በራሷ ወጣች። ሦስቱንም በረንዳ ላይ ደርድሬ ወደ መንገዱ ጮህኩ፦

«የሰው ያለህ! ነማ! ነማ ነ በሳ!»

መንገዱ ባዶ ነው። የጎማ አመድና ድንጋይ ብቻ። ከበታቻችን የብረት መዝጊያው ክርክር አለና ኦቦ ድሪባ አጎንብሶ ወጣ። ከእሱ ጋር ሰማያዊ ጭስ ተከትሎት ወጣ። የዚያ ወፍጮ ድምፅም አብሮ ወጣ፣ አሁን ትልቅ ሆኖ።

«አዴ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ድሪባ! ውስጥ ያለው ምንድነው?»

«ጄኔሬተር ናት… ወተቱ እንዳይበላሽ ብዬ…»

«አጥፋው! አጥፋው! ገደልከን!»

ለካ ሱቁ የተከፈተ እንዳይመስል መዝጊያውን ዘግቶ፣ ድምፁ እንዳይሰማ ጄኔሬተሩን ወደ ጓዳ አስገብቶት ኖሯል። እሱ ያን ቀን ሱቁ ውስጥ አልተቀመጠም፤ አስነስቶት ጓሮ ይወጣል፣ ሲያሻው ገብቶ ያየዋል። የጓዳው ጣሪያ ላይ የውሃ ቧንቧዎች ወደ እኛ መታጠቢያ ቤት የሚወጡበት ቀዳዳ አለ። ጭሱ በዚያ ወጥቶ፣ እኔ አሳምሬ በደፈንኩት ቤት ውስጥ ሞላ።

ድሪባ ወተት የሚጭንባት ፒካፕ አለችው። መኪና ማንቀሳቀስ ክልክል ቢሆንም አላቅማማም። የወተት ጣሳዎቹን አውርዶ አሰገደችንና ትዕግስትን ከኋላ አስተኛቸው፣ እኔ ራዲዮዋን የጨመርኩባትን ዘንቢሌን አንጠልጥዬ፣ ሕፃኗን ይዤ ከፊት ገባሁ። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ወጣቶች ከበቡን፣ አንዱ መኪናውን በዱላ መታ። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ በኦሮምኛ ጮህኩ፦ አራስ ናት፣ ልጆቼ፣ ጭስ አፍኗት ነው፣ ሕፃኗን እዩ! አንዱ ሕፃኗን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ደፋ! ደፋ! ቶሎ በሉ፣ አኮዋን አሳልፏት!»

ያንን ድንጋይ በደቂቃ ገለል አደረጉት። ሁለቱ ከፊታችን እየሮጡ ቀጣዩንም አስከፈቱልን። በልቤ የያዝኩትን «አኮ» የሚለውን ስም ያን ቀን መጀመሪያ የሰማሁት ከእነሱ ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ኦክስጅን ተደረገላቸው። ነርሷ ሕፃኗን እያየች «ማነው ቤት ዘግቶ ከሰል ያቀጣጠለው?» ብላ ጠየቀች።

ትዕግስት አፏ ላይ ያለውን ነገር ገለጥ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ… አቀጣጠሉ እንዴ?»

እንደፈራሁት። መልስ ከመስጠቴ በፊት ድሪባ በሩ ላይ ሆኖ «እኔ ነኝ! የእኔ ሞተር ነው!» ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «እሷማ ናት ያወጣቻችሁ።»

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። «የመርዝ ጭስ መጠቆሚያ ቢኖር ኖሮ ገና ራሳችሁን ሳያማችሁ ይጮህ ነበር።»

«አለን እኮ!» አለች ትዕግስት። «አለን፣ አልጮኸም!»

አሰገደች አልጋው ላይ ሆና ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ዘንቢሌን ወደ እግሬ ሳብኩ። ራዲዮዋ ውስጡ ናት።

ሕፃኗ ስታለቅስ፣ ያ ለቅሶ እንዴት እንዳማረኝ! ሁሉም ተረፉ። በሦስተኛው ቀን መንገድ ተከፈተ፣ ግርማ መጣ፣ ጉልበቴ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «አዴ ብርቄ ባይኖሩ!» ይላል። ትዕግስት ሳልጠይቃት ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ግርማም «እማዬ፣ ስሟን አንቺ ነሽ የምታወጪላት» አለኝ። አሰገደች ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። የተመኘሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣልኝ፣ አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ።

ከዚያ አሰገደች ተነሳች። ወንበር ላይ ወጥታ ነጩን ሳጥን አወረደችና በጋዜጣ ጠቀለለችው።

«ምን ሊያደርጉት ነው እትዬ?» አላት ግርማ።

«ልጥለው ነዋ። ትናንት ልጄን በስልክ ሰደብኳት። የላክሽው ዕቃ ውሸታም ነው፣ ሊያስጨርሰን ነበር አልኳት። ስታለቅስ አደረች።»

ጭኔ ላይ ያለችው ሕፃን ከበደችኝ። ያቺ የማላውቃት ልጅ በሰው አገር ስታለቅስ አደረች። ሳጥኑ ተጥሎ ይሄ ቤት ያለ ጠባቂ ሊቀር ነው። ይሄ ሁሉ በእኔ ሁለት ድንጋይ።

ሕፃኗን ለግርማ ሰጠሁት። ዘንቢሌን ከፍቼ ራዲዮዋን አወጣሁ፣ ክዳኗን ከፈትኩ። ጋዜጣውን ከአሰገደች እጅ ተቀብዬ ድንጋዮቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ። መብራቷ ጭልጭል አለች። መሐሉ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫንኩት።

ሳጥኑ ጮኸ። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት። ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች። ድሪባ ከታች እየሮጠ መጣ።

«ውሸታም አይደለም» አልኩ ሲያቆም። «ሌባዋ እኔ ነኝ።»

ግርማ ዓይኑን ከእኔ አነሳ። አሰገደች ብቻ ቀጥ ብላ አየችኝ። አንቱታውን ጣለችው።

«በረንዳ ሆነሽ በመስታወቱ አላየሽንም?»

«አይቻችኋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ተቀመጥኩ። ራዲዮ ሰማሁ። ደስ ብሏችሁ የተኛችሁ መስሎኝ… ቀናሁ።»

አሁን ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና የገዛ ክንዷን ማሸት ጀመረች።

«እጄ እስኪደነዝዝ ነበር የምይዛት» አለች። «አንቺ እንዳትይዣት። ያን ቀን ራሴን ሲያመኝ፣ ስጡኝ አላልሽኝም? ብሰጥሽ ኖሮ በረንዳ ላይ ንጹሕ አየር ውስጥ ከአንቺ ጋር ትሆን ነበር። አውቄ ነው ያልሰጠሁሽ።»

ትዕግስት አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቷን አየች። ተነስታ ሕፃኗን ከግርማ ወሰደችና «ስሟን ሁለታችሁም አታወጡም» አለች። «እኔ አወጣለሁ።» በሩንም በላያችን ዘጋች። ሁለት አሮጊቶች ሳሎን ውስጥ ተፋጠጥን። ያን ምሽት አሰገደች ለልጇ ደወለችና ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ፣ እኔም ጠየቅኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችን በሙሉ ኤሌክትሪክ ነው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ለምናችን የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ ያልተማርኩ ሴት አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእናንተ ቤት እሳት ባያውቅም ከበታቻችሁ ያለው ሰው ያውቃል። መብራት በጠፋ ቀን ማን ምን እንደሚያስነሳ አታውቁም፤ ቧንቧው፣ ደረጃው፣ ግድግዳው ከጎረቤት ጋር ያገናኛችኋል። ድሪባ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈርቶ ነው ያን ያደረገው። አሁን ጄኔሬተሩ ጓሮ ነው ያለው፣ ቀዳዳውም በሲሚንቶ ተደፍኗል። ራሳችሁን ሁላችሁንም በአንድ ላይ ካመማችሁ ምች ነው ብላችሁ አትተኙ፣ ውጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድንጋዩን አትንኩ።

ቅናቱስ ጠፋ ወይ ብትሉኝ፣ አልጠፋም። ልጅቷ ዛሬ ተማሪ ናት፣ እኔንም «አኮ» ትለኛለች። ዘንቢሌን ይዤ ቡራዩ ስገባ አሰገደች አብዛኛውን ጊዜ ቀድማኝ ተቀምጣ አገኛታለሁ። አዲስ ድንጋይ ገዝታ ትጠብቀኛለች፣ ለራዲዮኔ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ እኔን አልፋ ወደ እሷ የሮጠች እንደሆነ ግን ልቤን ዛሬም ቆንጠጥ ያደርገኛል። ያን ጊዜ ወንበር እስባለሁ፣ እወጣለሁ፣ የነጩን ሳጥን ቁልፍ እጫናለሁ። ይጮሃል።

አሰገደች ከሳሎን «ሰማንሽ፣ ሰማንሽ!» ትለኛለች። «ነይ ውረጂ፣ ልጅቷን ያዢልኝ።»